ባዶዋና ፉሏ

ገብረሥላሴ ሰው ከመምታቱ በፊት የእጅ ሰዓቱን ይፈታል። የቱንም ያህል ቢናደድ አይቸኩልም። ማሰሪያውን ላላ ያደርግና ሰዓቱን አጠገቡ ላለ ሰው ያቀብላል፤ ሰው ከሌለ ደግሞ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። አሰላ ከተማ በሠርግ ሥራ የሚተዳደር ሰው ሁሉ፣ ከድንኳን ተካዩ እስከ ቪዲዮ አንሺው፣ ይህን ጠባዩን ያውቃል። ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው ግን ታናሽ ወንድሙ ይስሃቅ ነው።

ወንድማማቾቹ የሙሽራ መኪና ያከራያሉ። አባታቸው የተዉላቸው አንዲት ነጭ የቤት መኪና አለቻቸው፤ ገብረሥላሴ ይዋዋላል፣ ይስሃቅ ይነዳል። ካቻምና በጥር ይስሃቅ ሙሽሮቹን ጭኖ ከጎንዴ ሲመጣ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ውሃዋ ፈልቶ ቆመችበት። ገብረሥላሴ ከኋላ ከሚከተለው ሚኒባስ ወረደና ሰዓቱን ፈትቶ ለአንደኛው ሚዜ ሰጠ። ከዚያ ይስሃቅን በሸሚዙ አንገትጌ ጎትቶ ከመሪው ላይ አወረደውና በሙሽራዋ ፊት ሁለት የፊት ጥርሶቹን አረገፈለት። ደሙ ተፈናጥሮ ቬሎዋ ጫፍ ላይ አረፈ። ሙሽራዋ ጮኸች። ገብረሥላሴ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሙሽራዋን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይስሃቅ አንድ መኪና ሲያይ ከመልኳ በፊት የሚያስበው የት ቦታ ላይ እንደምትቆምበት ነው። መኪና በቆመች ቁጥር የሚሰበረው የእሱ ገላ ነበርና።

ዘንድሮ ደግሞ የአሰላ ሙሽሮች ጣሪያዋ የሚገለጥ መኪና ካልሆነ ብለው አመፁ። ሌሎች አከራዮች ከአዳማ እያመጡ ሠርጉን ሁሉ ወሰዱባቸው። ገብረሥላሴ ሲጠይቅ ሲያስጠይቅ ከርሞ፣ ሁሩታ የሚኖር አስናቀ የሚባል የከብት ነጋዴ ሁለት እንዲህ ያሉ መኪኖች እንዳሉት ሰማ። መንታ ናቸው። የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዓመት ሥሪት፣ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና። የሚለያዩት አንደኛዋ ባዶ፣ ሌላዋ ፉል ኦፕሽን በመሆናቸው ነው። የባዶዋ ጣሪያ በእጅ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ መስኮቷም በእጅ ይዞራል፤ ማርሿም በእጅ ይገባል። የፉሏ ወንበር ቆዳ ነው፤ ማርሿ ራሱን ይቀይራል፤ ሸራዋ ደግሞ አንዲት በተን ጫን ሲሉላት ብቻውን ተነሥቶ ይዘጋል፣ ብቻውን ታጥፎ ከወንበሩ ኋላ ይተኛል።

በመስከረም መጨረሻ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ሁሩታ ወረዱ። መመለሻቸው በሚገዟት መኪና ነበር።

«ፉሏን ነው የምንወስደው» አለ ገብረሥላሴ ገና ከመቀመጡ። «እስቲ ይታይህ! ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሕዝቡ ቆሟል። ጣሪያው ብቻውን ሽው ብሎ ሲነሣ፣ ሙሽራዋ ከውስጥ ብቅ! ቪዲዮ አንሺው አብዷል እኮ፤ ትናንት ብቻ ሦስቴ ደወለልኝ።»

ይስሃቅ በመስኮቱ ገና እሸት የሆነውን የስንዴ ማሳ ያያል። ሊናገር የፈለገውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘጋጀው ነበር ያደረው። ኢተያን ካለፉ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ባዶዋ ትሻላለች።»

«ምን አልክ?»

«ባዶዋ። ያልተገጠመላት ነገር ምኑ ይበላሻል? የፉሏ ጣሪያ በዘይትና በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። አቧራ ሲገባበት መሃል ላይ ተገትሮ ይቀራል። አሰላ ውስጥ ማን ይፈታዋል? ሙሽራዋን እንደጫንን ብንቆምስ?»

ገብረሥላሴ ሳቀ። ፊት ያሉት ሴቶች እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይሄ ልጅ ሚስት ሲያገባም ባዶዋን ነው የሚፈልገው፤ ምላስ ያልተገጠመላትን!» አለ። መኪናው በሳቅ ሞላ። ይስሃቅም የጎደሉት ጥርሶቹ እንዳይታዩ አፉን ገጥሞ አብሮ ፈገግ አለ። ገብረሥላሴ በክርኑ ጎኑን ጎሰም አደረገውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ንዳ። መምረጡን ለኔ ተወው። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

የአስናቀ ግቢ ሰፊ ነው። ወዲያ ጥግ ስድስት በሬዎች ታስረዋል፤ ወዲህ በረንዳው ላይ ሚስቱ የውብዳር ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅማለች። ሁለቱ ቀይ መኪኖች በእበቱና በገለባው መሃል ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የሁለቱም ጣሪያ ተገልጧል። አስናቀ ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነው። በሬ እንደሚሸጥ ሁሉ የፉሏን ጀርባ በመዳፉ ቸብ ቸብ እያደረገ ዞራት።

«እንዲህ ያለች እኮ አርሲን ብታስሱ አታገኙም። ግባ ጌታው፣ ወንበሯን ቅመሳት! ያቺኛዋም ጎበዝ ናት፣ ልጄ ናት አልክዳትም። ግን ሙሽራው በሱፍ ልብሱ ወርዶ ጣሪያ ሊያጥፍ ነው? አማቶቹ እያዩት?»

ገብረሥላሴ ከት ብሎ ሳቀ። አስናቀ ሞተሯን አስነሣና በወንበሮቹ መሃል ያለችውን በተን ተጭኖ ያዘ። ሸራው ከወንበሩ ኋላ ተነሣ። በሁለት ጎን ያሉት የብረት ክንዶቹ ተዘረጉ፤ ሸራው እንደ ጃንጥላ ተወጥሮ ከፊት መስታወቱ ጋር ሊገጥም መጣ። የውብዳር እንኳን ስንቴ ያየችውን ነገር ምስሯን ትታ ተመለከተች። ይስሃቅ ግን ከማየት ይልቅ አዳመጠ። መሃል ላይ ሲደርስ ሞተሩ ያቃስታል፤ ሸክም እንደከበደው ሰው። አስናቀ ጣቱን አንሥቶ ጣሪያውን አቆመና መልሶ ሲያጥፈው ይስሃቅ ከወንበሩ ኋላ እጁን ሰደደና ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አመጣ። ዘይት ነው። የተቃጠለ ጎማም ይሸታል።

«ጋሼ» አለ በሹክሹክታ፣ «እየሞተ ነው። ጥርም አይደርስ።»

«ዝም በል።»

«እኔ እኮ ነኝ የም…»

«ዝም በል አልኩህ፤ ሰው ፊት አታሳንሰኝ።»

አስናቀ ሞተሩን አላጠፋውም፤ ድምፁ ራሱ እንዲሸጥለት እንደተነሣ ተወውና የሁለቱንም ዋጋ ነግሯቸው ሽማግሌውን ጠራ። ሁሩታ ገበያ በሬ ሲሸጥ መጀመሪያ ወረቀት አይጻፍም። ዋጋው ሲቆረጥ አንድ ሽማግሌ የገዢንና የሻጭን ቀኝ እጅ ይዞ መዳፍ ለመዳፍ ይመታቸዋል። እጅ ከተመታ በሬው የገዢው ነው፤ ያን ጊዜውኑ ቢወድቅ የወደቀው የገዢው በሬ ነው። አስናቀ መኪናም የሚሸጠው እንዲሁ ነበር፤ ውሉና ስም ማዛወሩ በኋላ ይደርሳል። እጅ የሚመቱለት ጋሽ ቱፋ ይባላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ በከብት ገበያ እጅ ሲመቱ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ደግሞም ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ታላቅ ቆሞ ሳለ ታናሽ እጁን አይሰድም። የሰደደ እንደሆነ ታላቁን በቁሙ ገደልኩት ማለት ነው።

ጋሽ ቱፋ የአስናቀን እጅ በግራቸው ያዙ። ገብረሥላሴ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

«ፉሏን ነው?» አሉ ጋሽ ቱፋ።

«ፉሏን ነው። ግን አሁንም ቀንስ» አለ ገብረሥላሴ፤ እንደ ገበያው ደንብም እጁን መልሶ ሳበ። ገዢ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ ይስባል፣ ይለመናል፣ መልሶ ይሰጣል። አስናቀም «ኧረ አቦ! ይሄውልህ ወንድሜ…» ብሎ መለመን ጀመረ። የጋሽ ቱፋ ቀኝ እጅ ባዶ አየር ላይ ተዘርግቶ የሚመጣውን እጅ ይጠብቃል።

ይስሃቅ ያንን የተዘረጋ እጅ አየ። ጥር ታየው። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሕዝቡ፣ መሃል ላይ ተገትሮ የቀረው ጣሪያ፣ ገብረሥላሴ ሰዓቱን ሲፈታ። ከዚያ እጁ ራሷ ሄደች።

«ባዶዋን» አለ።

ሽማግሌው የመጣላቸውን እጅ ጨበጡና በለመደው እጃቸው ከአስናቀ መዳፍ ጋር ጧ! አደረጉት።

ጋሽ ቱፋ ጎንበስ ብለው የያዙትን እጅ፣ ቀና ብለው ባለእጁን አዩ። «ያ ረቢ!» አሉ። «ልጄ፣ ምን አደረግህ? ወንድምህ ቆሞ?»

አስናቀ ግራ ገባው፤ ሆኖም ነጋዴ ነውና ፈጥኖ አሰበ። ሁለቱንም ከማጣት አንዷን መሸጥ ይሻላል። «እንግዲህ እጅ ተመቷል» አለና የባዶዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በረንዳው ላይ አኖረው። «ባዶዋ የእናንተ ናት። ይባርክላችሁ።»

ገብረሥላሴ አልጮኸም። ፊቱም አልተለወጠም። የሰዓቱን ማሰሪያ ፈታና ወደ በረንዳው ሄዶ፣ «እሜቴ፣ ይቺን ይያዙልኝ» አላት የውብዳርን። ሴትየዋ የሚመጣውን አላወቀችምና ፈገግ ብላ ተቀበለችው።

የመጀመሪያው ቡጢ የይስሃቅን ግራ ጆሮ አገኘው። ጆሮው ጭው አለና ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ መሰለው። ሁለተኛው አፉ ላይ አረፈ። ወደ መሬት ሲያዘነብል ገብረሥላሴ ጸጉሩን ይዞ አቆመውና ግንባሩን ከባዶዋ ኮፈን ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«እኔ ቆሜ!» ይላል በየመሃሉ፤ ትንፋሹ እንኳን አልተዛባም። «እኔ ቆሜ እጅህን! ሰው ፊት! መረጥክ? እስቲ ምረጥ! ያቺ ናት የመረጥካት? ሳማት! ሳማት!»

«ዲሲ! ተው በቃ!» ጮኹ ጋሽ ቱፋ በኦሮምኛም በአማርኛም። «ወንድምህ አይደለም ወይ?»

«ወንድሜ ስለሆነ ነው!»

«ኮፈኑን! ኮፈኑን አጎደጎዳችሁት!» አስናቀ ከወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ አይጠጋም። የውብዳር ሰፌዱን ጥላ ኡኡ አለች። ምስሩ በበረንዳው ላይ ተበተነ። በሬዎቹ ደነበሩና ገመዳቸውን ወጠሩ።

ይስሃቅ እበቱ ውስጥ ወደቀ። ጫማ ጎኑን መታው። ትንፋሹ ተቋረጠ፤ ጎድኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማው። በአራት እግሩ እየዳኸ የሚሸሽበት ሲፈልግ በሯ የተከፈተውን ፉሏን አየ። ተስቦ ገባና በሩን ዘግቶ ቆለፈው። ጣሪያው ግን ክፍት ነው። ገብረሥላሴ በሩን አንዴ በርግጫ መታና ሲያቅተው ወደ ኋላ ዞረ። ፖርቶ ባጋሊዮው ላይ ወጣ። ተንበርክኮ ጣሪያው ከሚታጠፍበት ክፍተት በላይ ቀኝ እጁን ሰደደና የይስሃቅን ማጅራት ያዘ። ጥፍሩ ሥጋ ውስጥ ገባ።

ይስሃቅ የፈለገው በመጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእሱና በወንድሙ መካከል ጣሪያ እንዲኖር። በዳበሳ በተኗን አገኛትና ተጫናት።

ሸራው ከኋላው ተነሣ። የጣሪያው ብረት የገብረሥላሴን ደረት ገፋው፤ ሚዛኑን ሳተና ከመኪናዋ ጀርባ በጎኑ ተንሸራተተ። እንዳይወድቅ ማጅራቱን ለቆ ያገኘውን ያዘ። ያገኘው የሚዘረጋውን የብረት ክንድ መጋጠሚያ ነበር። ክንዶቹ እንደ መቀስ ተገናኙበት።

«እጄ! እጄን!»

ይስሃቅ ዞር ብሎ አየ። የወንድሙ ቀኝ እጅ እስከ አንጓው ብረቶቹ መሃል ገብቷል። ጣቶቹ በዚህ በኩል ወጥተው አየር ይጨብጣሉ።

«ልቀቅ! ይስሃቅ፣ ልቀቀው! እጄ እኮ ነው!»

ሰማ። በቀኝ ጆሮው አጥርቶ ሰማ። ጣቱን ማንሣት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ ጣት ሲነሣ ጣሪያው ባለበት ይቆማል። ይህን ከአስናቀ እጅ አይቶ ነበር። ከአፉ የሚወርደው ደም መሪው ላይ ይንጠባጠባል። ጣቱን አላነሣም። ይልቁንም በተኗ የበለጠ የምትሰምጥ ይመስል አጥብቆ ተጫናት። ሞተሩ አቃሰተ። ሸንኮራ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ። የገብረሥላሴ ጩኸት ቃል መሆኑን አቆመ። ይስሃቅ ያን ጊዜ ደስ አለው። ደስታው ሞቃት ነበር፤ ከሆዱ ተነሥቶ እስከ ጉሮሮው መጣ። ወንድሙ ሲጮህ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም።

ከወንበሩ ኋላ ጥቁር ጭስ ወጣ። ሞተሩ ጭጭ አለ። በተኗ ከጣቱ ሥር ሞተች።

ያን ጊዜ ነው የባነነው። በተኗን በሌላኛው ጎን፣ ወደ መክፈቻው ተጫነ። የለም። ደግሞ ተጫነ። ቁልፉን አጥፍቶ አስነሣ፤ ሞተሯ ተነሣች፣ ጣሪያው ግን እንደነከሰ ቀረ።

«አይሠራም» አለ ለማንም ሳይሆን። «አይሠራም! አይከፈትም!»

በተዘጋው በር ላይ ዘሎ ወጣ። ገብረሥላሴ በጉልበቱ ቆሞ በተያዘው እጁ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ደሙ በቀዩ ቀለም ላይ ሲወርድ አይታይም፤ መሬት ላይ ሲደርስ ነው የሚታየው። ይስሃቅ ግቢውን በዐይኑ አሰሰና ከእንጨቱ ክምር ላይ መጥረቢያ አነሣ።

አስናቀ መንገድ ዘጋበት። ከብት የሚነዳበትን ዱላ ይዟል። «ወዴት? መኪናዬን? ኤሌክትሪሻን እጠራለሁ፤ ከኢተያ ነው የሚመጣው፤ ሰዓት አይፈጅበትም!»

«እጁን አጥንቱን እየበላው ነው!»

«ማን ነው ያስበላው? አንተ አይደለህም? ጣሪያዬን ከነካህ አናትህን ነው የማፈርሰው!»

ይስሃቅ አልፎት ሄደ። ዱላው ጀርባው ላይ ወረደ። መጥረቢያውን በደንደሱ በኩል አዙሮ የብረቱን መጋጠሚያ መታ። ዱላው ትከሻው ላይ ወረደ። መታ። ብረቱ በተመታ ቁጥር ገብረሥላሴ ይጮኻል፤ ሦስቱም እንደ አንድ ነገር ይሄዳሉ፤ መጥረቢያው ብረቱን፣ ዱላው ይስሃቅን፣ ጩኸቱ ግቢውን። ጋሽ ቱፋ ከወገባቸው ቢላዋ መዘዙና ሸራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደዱት። አስናቀ የሸራውን መቀደድ ሲሰማ ዱላውን ጣለ። «ጋሽ ቱፋ! እርስዎም?» አለ። ይስሃቅ በቀደዳው ውስጥ የመጥረቢያውን እጀታ አስገብቶ በደረቱ ተጫነው። የተሰነጠቀው ጎድኑ እንደ እሳት ለበለበው። አንደኛው ብሎን ተነቀለ፤ ክንዱ ጎበጠ፤ ገብረሥላሴ መሬት ላይ ተዘረረ።

የወጣው ነገር እጅ አይመስልም ነበር። ሁለቱ መሃለኛ ጣቶች በቆዳ ብቻ ተንጠልጥለዋል፤ አንጓው በማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፏል። የውብዳር ነጠላዋን ቀደድ ቀደድ አድርጋ ጠመጠመችለት። ከዚያ የባዶዋን ቁልፍ ከበረንዳው አንሥታ ይስሃቅ እግር ሥር ወረወረች።

«ውሰደው! ሰውየው እደጄ ላይ ሳይሞት ውሰደው!»

«የሰበርካትንም ትወስዳታለህ!» አለ አስናቀ። ድምፁ ያለቅሳል። «ሁለቱንም ነው የምትገዛው! አሰላ ድረስ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ!»

«መጀመሪያ ይታከም» አሉ ጋሽ ቱፋ። ቢላዋቸውን ገና አልከተቱትም። «ሂድ ልጄ። ሂድ፣ አትቁም።»

ባዶዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው፤ ማርሿ ግን ልክ እንዳሰበው በየቦታው ይገባል። ይስሃቅ እንዲህ ያለች መኪና ነድቶ አያውቅም። ግራ ዐይኑ አብጦ ስለተደፈነ አንገቱን አዙሮ በቀኙ እያየ ነዳ። ሸራውን ለመዘርጋት አልቆመም። ከሁሩታ እንደወጡ ዝናቡ መጣ፤ ጠብታው ቀዝቃዛና ከባድ ነው። የገብረሥላሴን ፊት አጠበው፤ የተጠመጠመውን ነጠላም ሮዝ አደረገው።

ገብረሥላሴ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ዐይኑን ጨፍኗል። ኢተያ ሊደርሱ ሲሉ ገለጠው።

«ስጮህ ሰምተኸኛል?»

ይስሃቅ ማርሽ ቀየረ። «ሰምቻለሁ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

አንድ የጭነት መኪና ጭቃ እየረጨባቸው አለፈ። ሁለቱም ፊታቸውን አልጠረጉም።

«በኋላ ግን ለቀቅከኝ» አለ ገብረሥላሴ።

አዎ ማለት በቂ ነበር። አዎ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ደም ፍላት ነው ይባላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃሉ። ይስሃቅ አዎ ሊል አፉን ከፈተ።

«አልለቀቅኩህም ጋሼ። ሞተሩ ነው የተቃጠለው።»

ገብረሥላሴ ቀስ ብሎ ዞረና አየው። ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ይመስል። ከዚያ በዚያች ጠባብ ወንበር ላይ የሚችለውን ያህል ወደ በሩ ተጠጋ።

«አውርደኝ።»

«ሆስፒታሉ እኮ ገና…»

«አውርደኝ። ይስሃቅ፣ አውርደኝ።»

ትእዛዝ አልነበረም። ይስሃቅ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ሲለምን ከራሱ ጉሮሮ ይወጣ የነበረ ድምፅ ነው። ኢተያ አስፋልት ዳር፣ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ገብረሥላሴ በሩን ለመክፈት ግራ እጁን በደረቱ ላይ አሳልፎ ሰደደ፤ መክፈቻው ግን አልያዝ አለው። ይስሃቅ ወርዶ ዞረና ከውጭ ከፈተለት። ደግፎ ሊያነሣው እጁን ሲዘረጋ ገብረሥላሴ ወደ ውስጥ ሸሸ። ይስሃቅ እጁን ሰበሰበና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ያን ጊዜ ብቻ ገብረሥላሴ ወረደ።

ወደ አሰላ የሚሄድ ሚኒባስ ቆመለት። ውስጥ ያሉት ደሙን ሲያዩ ጮኹ፣ ተጠጋጉ፣ ቦታ ለቀቁ፤ አንዲት ሴት «ማን ነው እንዲህ ያደረገህ ወንድሜ?» ስትል ተሰማች። በሩ ተዘጋ። መልሱን ይስሃቅ አልሰማም።

ተመልሶ ገባና ተከተላቸው። ገብረሥላሴን መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ በኋላው መስታወት አናቱ ይታያል። ከአጠገቡ ያሉት ሰዎች ዞር ዞር እያሉ ያቺን ጣሪያዋ የተገለጠ ቀይ መኪናና ውስጧ ዝናብ የሚወርድበትን ሰው ያያሉ፤ አንዱ ሳቀ፣ በጣቱም ለሌላው አሳየ። መንገድ ዳር ያለ ሰው፣ «ኧረ ጣሪያህን ዝጋ ጃል!» ብሎ ጮኸ። ለመዝጋት መቆም ያስፈልጋል። ከቆመ ሚኒባሱ ያመልጠዋል።

ውሃው ጫማው ውስጥ ገባ። ጎንዴ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ፤ ይስሃቅም ከኋላው ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ፣ አንድ ሰው ገባ። የገብረሥላሴ አናት አልዞረም። የፍሬን መብራቱ ጠፋ፣ ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ፤ ይስሃቅም ፍሪሲዮኑን ረግጦ አንደኛ ማርሽ አስገባ።